«የት ግንባር ነበሩ?» ብለህ ጠይቅ

ልጄ፣ የድሮ ወታደሮች ሲከራከሩ መስማት እንደምትወድ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤትም ሆነ ዕድር ስብሰባ ላይ ሁለት ሽበታሞች የካራማራን ወይም የአፋቤትን ነገር ሲያነሡ ወንበርህን ጠጋ ታደርጋለህ። ደግ አደረግህ፤ በአንተ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ጆሮ አይሰጡንም። ነገር ግን ቀን የሰማኸውን ማታ ስልክህ ላይ ይዘህ ወጥተህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር «ከሃዲ»፣ «ባንዳ» ስትባባልም አይቻለሁ። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው። የዘማች ክርክር ለአገር ትልቅ ሀብት ነው። አሰማሙን ያላወቀበት ግን ቂም ብቻ ይዞ ይነሣል።

አስቀድሜ የራሴን ቦታ ልንገርህ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በገባበት ዘመን ሐረር ዙሪያ በነበረው የወገን ጦር ውስጥ የመድፈኛ መቶ አለቃ ነበርኩ። ካራማራ ላይ ውጊያው ሲካሄድ አልነበርኩም፤ ቦታውን ያየሁት ጅጅጋ ከተለቀቀች በኋላ፣ የተቃጠሉት ታንኮች ከመንገድ ዳር ገና ሳይነሡ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ ግንባር፣ አልዘመትኩም። እንግዲህ ስለ ሐረር መከላከል ብትጠይቀኝ ምስክር ነኝ። ስለ ካራማራ ብትጠይቀኝ ከነበሩት የሰማሁትንና ያነበብኩትን አካፍልሃለሁ። ስለ ናቅፋ ተራሮች ብትጠይቀኝ ግን ከአንተ የምበልጠው በዕድሜ ብቻ ነው።

ከማንኛውም ዘማች ጋር ስትቀመጥ ይህንኑ እንዲነግርህ ጠይቀው። «አባባ፣ ያኔ የት ግንባር ነበሩ? የትኛው ክፍል? ማዕረግዎስ?» በለው። እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ ብለህ አትፍራ። እውነተኛ ወታደር ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ የብርጌዱን ቁጥር፣ የሻምበል አዛዡን ስም፣ ውሃ ያጣበትን ቀን አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል። ጥያቄውን እየዘለለ በቀጥታ ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር መናገር የጀመረውንም በአክብሮት ስማው፤ ነገር ግን የምትሰማው የአንድ ዜጋ አስተያየት እንጂ የዘማች ምስክርነት አለመሆኑን በልብህ ያዝ።

ጦርነት ውስጥ የነበረ ሁሉ ጦርነቱን አይቷል ማለት አይደለምና። ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጉብታና ከጎኑ ያለውን ጓደኛውን ነው። የሻምበል አዛዡ ከዚያ ትንሽ አለፍ ይላል። ዕዝ ላይ ካርታ ዘርግቶ የሚውለው መኮንን ግንባሩን በሙሉ ያያል፤ የወታደሩን ጥም ግን አያይም። ቤተ መንግሥት ያለው ሰው ከሞስኮና ከዋሽንግተን የመጣውን መልእክት ያነባል፤ ግንባሩን የሚያውቀው በሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ እሱን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ እየመረጠ ከተጻፈ፣ ከሁሉም የባሰ ዕውር እሱ ይሆናል።

በአንድ ጓደኛችን ሰልስት ላይ ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ላውጋህ። አንዱ «ጅጅጋን ያስለቀቀው ኩባ ነው፤ እኛማ ሐረር ተከበን አልነበረም ወይ?» አለ። ሌላው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ታዲያ እዚያ የፈሰሰው የማን ደም ነው?» ብሎ ጮኸ። የአየር ኃይል ቴክኒሽያን የነበረ ሦስተኛ ሰው ጣልቃ ገባና «ሁለታችሁም ተዉት። ኩባ ሳይመጣ የዚያድ ባሬን ሚግ ከሰማይ ያወረደው የእኛ ኤፍ-5 ነው» አለ። ነገሩ ወደ ፓርቲ ዞሮ፣ አንዱ ሌላውን በኢሕአፓነት ሌላው አንዱን በደርግነት መውቀስ ሲጀምሩ፣ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የነበሩ አዛውንት ሚሊሺያ አንድ ልጅ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፤ «የጥይት ሳጥን ተሸክመን ሌሊቱን ስንጓዝ ከፊቴ ካለው ሰው ጀርባ በቀር ምንም አላየሁም። ሄሊኮፕተር በላያችን ሲያልፍ የማን እንደሆነ የነገረን የለም። ሲነጋ ከኋላቸው ነበርን። ኩባዎቹን ያየኋቸው በማግሥቱ ነው፤ አንዱ ሲጋራ ሰጠኝ።» ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ውጊያው ሲካሄድ ካራማራን በእግሩ የረገጠ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን የሆነውን አንድ ላይ አድርገህ እየው። ካራማራ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን መንገድ የያዘ የተራራ በር ነው። ጠላት በደንብ መሽጎበት ስለነበር በፊት ለፊት መግጠም ሰው ማስፈጀት ነበር። ስለዚህ የተመረጠው ቆረጣ ነው። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ ከጅጅጋ ሰሜን ምሥራቅ ወረደ፤ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮችም ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከጠላት ጀርባ አራገፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተለቀቀች፤ ከአራት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። የመልሶ ማጥቃቱን ዕቅድ በመምራት የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ እጅ ነበረበት። ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮች ታንክና መድፍ ይዘው ተሰልፈዋል። ነገር ግን ወራሪውን ከሐምሌ እስከ ጥር ድሬዳዋና ሐረር በር ላይ ይዞ የቆየው፣ ከዚያም በእግሩ ተራራውን የወጣው አብዛኛው እግረኛ የኢትዮጵያ ልጅ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ በዚያ ጦርነት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች መውደቃቸውን ጽፈዋል።

ቴክኒሽያኑም አልዋሸም። ከሞስኮ የጦር መሣሪያ እንደ ጎርፍ መግባት ሳይጀምር በፊት ሰማዩን የተቆጣጠሩት ከአሜሪካ የተገኙት ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖችና አብራሪዎቻችን ናቸው። አብራሪው ለገሠ ተፈራ ሚጎችን ጥሎ፣ በኋላ እሱም ተመትቶ ተማርኮ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ እስር ቤት ማቅቋል። ይህን ሁሉ ስትደምረው ምን ታገኛለህ? በንጉሡ ዘመን የተገነባ አየር ኃይል፣ በአብዮቱ ዘመን ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ ሚሊሺያ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን፣ የሶቪየት ታንክ፣ የኩባ መድፈኛ። የትኛውም ፓርቲ ይህን ድል ሙሉ በሙሉ የራሴ ሊለው አይችልም። ንጉሣዊው አየር ኃይሉን ይዞ ይሄዳል፤ የደርግ ሰው ሚሊሺያውን፤ የሶሻሊዝም ወዳጅ ኩባን። እያንዳንዱ የያዘው እውነት ነው፤ ሌላው የያዘውን መካዱ ነው ውሸት የሚያደርገው።

የውጭ ጉዳይ ክርክር ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ማናችንም አልነበርንም። «አሜሪካ በችግራችን ቀን ከዳን» የሚል ትሰማለህ። «መንግሥቱ ነው አሜሪካን ያባረረው» የሚልም ትሰማለህ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። አንተ ግን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ቀኖቹን በተራ አስቀምጣቸው። ታኅሣሥ 1969 ደርግ ከሞስኮ ጋር በምስጢር የመሣሪያ ስምምነት ተፈራረመ። ጥር 26 ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ ሥልጣኑ በመንግሥቱ እጅ ተጠቃለለ። የካቲት ላይ የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ ዕርዳታውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። መጋቢት ላይ ፊደል ካስትሮ ኤደን ላይ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በፌዴሬሽን ሊያስማማ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሚያዝያ 15 የአሥመራው ቃኘው ጣቢያና የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ቢሮ እንዲዘጋ ታዘዘ። በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ሞስኮ ገባ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ገባ።

ቅደም ተከተሉን ካየህ በኋላ «ማን ማንን ከዳ?» የሚለው ጥያቄ እንዴት እንደሚቀየር ልብ በል። ሁለቱም ወገን ወደ በሩ ሲሄድ ነበር። ሞስኮ ደግሞ ያን ጊዜ የሁለታችንም ወዳጅ ነበረች፤ የዚያድ ባሬ ጦር የታጠቀው ከእሷ ነው። ዚያድ ባሬ ሶቪየቶችን ያባረረው ኅዳር 4 ቀን 1970 ነው፤ አሜሪካ ትተካቸዋለች ብሎ አስቦ ነበር፤ አሜሪካ ግን ለወረራው መሣሪያ አልሰጥም አለች። የእሱ ስሌት ሲፈርስ የእኛ መዳኛ ሆነ። እስራኤልም በዚያ ሰዓት መሣሪያ ትሰጠን ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን ጥር መጨረሻ ላይ በአደባባይ ተናግረውት ነገሩ ተበላሸ እንጂ። አንድ አብዮታዊ መንግሥት ከሞስኮም ከእስራኤልም መሣሪያ ሲቀበል የነበረበትን ዘመን «ወዳጅ» እና «ጠላት» በሚሉ ሁለት ቃላት ልታስረዳኝ አትችልም። ታላላቅ መንግሥታት ስለ እኛ ብለው አልመጡም፤ ስለ እኛ ብለውም አልሄዱም። ይህን የተረዳ ወጣት ዛሬም አንዱን የውጭ መንግሥት አምላክ ሌላውን ሰይጣን አያደርግም።

ልጄ፣ አንድ ዘማች ያየውን ትቶ የፓርቲውን መናገር ሲጀምር የምታውቅበት መንገድ አለ። «እኛ» ሲል ስማው። «እኛ ሌሊት ወጣን፣ እኛ ምሽጉን ሰበርን» ሲል ሻምበሉን ማለቱ ነው፤ ተቀበለው። ትንሽ ቆይቶ «እኛ ያኔ ብንሰማ ኖሮ አገር አትፈርስም ነበር» ሲል ግን ያ «እኛ» ሌላ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የገባበት ድርጅት ነው። ሌላም ምልክት አለ። ጅጅጋ ለምን ተያዘች ብትለው፣ አፋቤት ለምን ወደቀ ብትለው፣ ባድመ ለምን ለሌላ ተፈረደች ብትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ያው ጥፋተኛ ከተጠራ፣ ሰውዬው እያስታወሰ አይደለም። ሦስቱ ነገሮች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ምክንያት የሆኑ ናቸው።

ይህን ስልህ ግን «እንግዲያ ወታደር ፖለቲካ አያውራ» እያልኩህ እንዳይመስልህ። በፍጹም። እኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። ያን ትልቅ ሠራዊት የጨረሰው ክርክር አይደለም፤ የክርክር መጥፋት ነው።

አስብ እንጂ። በየክፍሉ አዛዡ አለ፣ ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳሩ አለ፣ ከሁለቱ ጀርባ የደኅንነት ሹሙ አለ። ሦስቱም ለየራሳቸው አለቃ በየመንገዳቸው ሪፖርት ይልካሉ። አዛዡ «ወታደሩ ደክሟል፣ ይህ ቦታ አይያዝም፣ ወደ ኋላ ሰብሰብ እንበል» ቢል ተሸናፊነት ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ የማይያዘውን ቦታ ይዣለሁ ይላል። ጥር 1974 አካባቢ የተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋን ሳይዝ ሲቀር፣ ለምን እንዳልያዘ በግልጽ የተነጋገረ ሰው ምን ያህል ነበር? በዓሉ ግርማ የዘመቻውን ጊዜ በ«ኦሮማይ» ልብ ወለድ ቢያሳይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ጠፍቶ ቀረ። ደራሲ እንዲህ ከሆነ መቶ አለቃ ምን ብሎ አፉን ይከፍታል?

ከዚያ በሰሜን ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ ነገር መጣ። ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የዚያ ዕዝ አዛዥ ነበሩ። የካቲት 1980 በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ የሻዕቢያ ጦር አፋቤትን ያዘ፤ ዕዙ ፈረሰ፤ ሦስት የሶቪየት መኮንኖች እዚያው ተማረኩ። አንድ ጄኔራል ባይረሸን ኖሮ አፋቤት አይወድቅም ነበር ልልህ አልችልም፤ ማንም አይችልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በመላው ሠራዊት ውስጥ እውነቱን ወደ ላይ ለመላክ የደፈረ መኮንን ምን እንደሚገጥመው አወቀ። በ1981 ግንቦት 8 ጄኔራሎቹ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ፤ ኤታ ማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምሃ ደስታ አዲስ አበባ ላይ፣ ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረ ጦር የሚያስቡለትን ሰዎች በገዛ እጁ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ የግንቦት 1983ን የደርግ ውድቀት፣ ታውቀዋለህ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያያይዘውን አንድ ነገር ልንገርህ። የካራማራ ድል በየካቲት 1970 ሆነ። ከሶማሊያ ጋር ስምምነት የተፈረመው መቼ ነው? መጋቢት 1980 መጨረሻ ላይ፣ አፋቤት በወደቀ በቀናት ውስጥ ነው። በምሥራቅ ተገትሮ የነበረውን ጦር ወደ ሰሜን ማንሣት ሲያስፈልግ ነው ዕርቁ የመጣው። ለገሠ ተፈራና ሌሎች ምርኮኞቻችን የተፈቱት በዚያ ስምምነት ነው። በአሸናፊነት ቀን ልንደራደርበት እንችል የነበረውን ነገር በተሸናፊነት ቀን ተደራደርንበት፤ በመካከሉ ምርኮኞቻችን እስር ቤት አረጁ። ከዘማች ጋር ስትነጋገር ይህን ጠይቀው። «ድሉን ማን አገኘው?» ከሚለው ይልቅ «ድሉ ምን ተደረገበት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያስተምርሃል።

የሰሜኑን ሽንፈት በወታደሩ ላይ ብቻ የሚጭን ሰውም ሲያጋጥምህ ዝም አትበል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ከ1983 በኋላ የተበተነው ሠራዊት ላይ ያልተጻፈ ነቀፌታ የለም። የኤርትራ ጉዳይ ግን ፌዴሬሽኑ ኅዳር 1955 ሲፈርስ የተበላሸ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ጄኔራል አማን አንዶም በፖለቲካ እንፍታው ብለው ነበር፤ ኅዳር 1967 ተገደሉ። ቤተ መንግሥት ያልፈታውን ነገር ብርጌድ እንዲፈታው ማዘዝ ብርጌዱን መግደል ነው። ኩባዎቹ እንኳ ምሥራቅ ላይ ከእኛ ጋር ሲሞቱ ኤርትራ ላይ ግን አልዋጋም ብለዋል።

ከእኔ በኋላ የመጡት ዘማቾች ክርክር ደግሞ አሰብ ነው። ግንቦት 1992 ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ጦሩ ባሬንቱ ገብቶ፣ ዛላምበሳን አስለቅቆ፣ በቡሬ ግንባርም እየተዋጋ ሳለ «ለምን አሰብን አልያዝንም? ማን ነው ያስቆመን?» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። አብሯቸው የተሰለፈ ጓደኛ የቀበረ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። አንተ ግን እዚህ አንድ ጥያቄ የሚመስለው ነገር ውስጥ የተለያዩ ጥያቄዎች እንዳሉ እወቅ። ጦሩ ሊይዘው ይችል ነበር ወይ? ይህን የቡሬ ግንባር ሰው ጠይቅ፤ የዛላምበሳው አያውቀውም። ቢይዘውስ ሊያቆየው ይችል ነበር ወይ? የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ግንቦት በሁለቱም አገሮች ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ይህ የዲፕሎማት ጥያቄ ነው። ለመቆም የወሰነው ማን ነው፣ በምንስ ምክንያት? ይህ የፖለቲካ አመራሩ ጥያቄ ነው፤ ያ አመራር ራሱ በዓመቱ፣ መጋቢት 1993፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከተሰነጠቁት ወገኖች ከአንዱ የሰማኸውን እንደ ፍርድ አትቀበል።

የባድመን ነገር ደግሞ አስብበት። በየካቲት 1991 በፀሐይ ግባት ዘመቻ በስንት ደም ተመለሰች። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ሁለቱ መንግሥታት የድንበር ኮሚሽኑ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን፣ መሠረቱም የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች እንዲሆኑ ፈረሙ። ሚያዝያ 1994 ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ወታደሩ ሥራውን ሠርቷል። ውሉን ያረቀቀውና የፈረመው ወታደሩ አይደለም። ከዚህ በኋላ ስለ ጦር ስልት የሚነግርህን ሰው ስትሰማ፣ ጦርነቱ ያለቀው ተኩሱ የቆመ ቀን እንዳልሆነ አትርሳ።

በስድብ ጉዳይ አንድ ቃል። በዋሽንግተን ምግብ ቤቶች የድሮ የባሕር ኃይል ሰው፣ የድሮ ኢሕአፓና የድሮ ኢሕአዴግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አይቻለሁ። በሚገባ ይከራከራሉ፤ ሲለያዩ ይሳሳማሉ። በጥይት የተፈላለጉ ሰዎች እንዲህ መሆን ከቻሉ፣ አንተ ያልነበርክበትን ጦርነት ይዘህ እኩያህን «ባንዳ» የምትልበት ምን ሥልጣን አለህ? ካራማራንም ይዘህ በሶማሌ ወንድምህ ላይ አትነሣ። ጅጅጋ የእሱ ከተማ ናት። የወረረው የዚያድ ባሬ መንግሥት ነው፤ በሁለት ጦር መካከል ቤቱ የፈረሰበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ድንበር ተሻግሮ የተሰደደው ግን የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነው። የእነሱንም ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ የእኛ ድንኳን ውስጥ የማትሰማውን ትሰማለህ።

ማንበብም አለብህ። የመንግሥቱን «ትግላችን»፣ የፍቅረሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ»፣ የፍሥሐ ደስታን «አብዮቱና ትዝታዬ» ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ። ሦስቱም የአንድ መንግሥት ቁንጮዎች ነበሩ። አንዱ ክስተት ላይ ስትደርስ ሦስቱን ክፈትና እያንዳንዱ ያን ቀን የት እንደነበር ፈልግ፤ ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚቸኩልበትን ገጽ ታገኘዋለህ። እነዚህ ግን የባለሥልጣን መጻሕፍት ናቸው። የጥይት ሳጥን ተሸክመው ሌሊቱን የተጓዙት አብዛኞቹ አልጻፉም፤ ጽሕፈት የማያውቁም ብዙ ናቸው። ያኔ 20 ዓመት የነበረው ሚሊሺያ ዛሬ ሰባን እየተጠጋ ነው፤ የእኛ የመኮንኖቹ ዕድሜ ደግሞ ከዚያም አልፏል። በየሳምንቱ እንቀባበራለን።

ስለዚህ ስልክህን ለስድብ ከምትከፍተው ለመቅረጫ ክፈተው። የሚናገሩትን ቀን፣ የክፍሉን ስም፣ የቦታውን ስም ጻፍ፤ ያዩትን ለብቻ፣ የሰሙትን ለብቻ፣ የሚያምኑበትን ለብቻ አስቀምጥ። ሲሳሳቱ አታርማቸው፤ ሌላውን ሰው ጠይቅና ከጎኑ ጻፈው። ሁለት ምስክሮች ሲጣሉ ደስ ይበልህ፤ ያን ጊዜ ነው ሥራህ የሚጀምረው። ፖለቲካቸውንም አትቁረጥባቸው፤ የከፈሉት ዋጋ ያንን የመናገር መብት ሰጥቷቸዋል። የነገርኩህን የሚሊሺያ አዛውንት ቤት ታውቀዋለህ፤ ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ባለፈው ሳያቸው ጉልበታቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን እንዳለ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሂድላቸው።